ለእትዬ የቀመሰው ድመት

ድስት አጣቢ የማታውቀው ነገር የለም። ማን ጠግቦ እንደበላ፣ ማን ተቆጥቶ ሳህኑን እንደገፋ፣ ማን ወተቱን እንዳሳረረ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ ገንዳ ይመጣል። በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ ያጠብኩ ሴት ነኝ። ወገቤ አልቋል፣ ጥፍሮቼ ተልጠዋል፣ ጠዋት ከአልጋዬ የምወርደው እግሬን በእጄ እያነሣሁ ነው። ምላሴ ብቻ ነው ያልደከመው። ስለዚህ የእትዬን ነገር በየኮሪደሩ የሚያወሩትን ከምትሰሙ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

እትዬ ዋና አብሳያችን ነበረች። አብሳይ ሁሉ ወፍራም ይመስላችኋል፤ እሷ ግን ቀጭን ናት፣ ሽርጧ ሁለት ጊዜ ይዞራታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ምድጃ ፊት ስትቆም በማንኪያ ስትለካ ያየ የለም። ጨው በሦስት ጣት፣ ስኳር በእፍኝ፣ አለቀ። በየቀኑ አራት ዓይነት ታበስላለች፦ ለሁሉም የሚሆን፣ ጨው የሌለው፣ ስኳር የሌለው፣ ጥርስ ለሌላቸው ደግሞ የተፈጨ። ምሳ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ድስት ትቀምስና በር ላይ በክር በተንጠለጠለው የቅምሻ መዝገብ «ቀምሻለሁ» ብላ ትፈርማለች። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ሕመምተኛ የሚበላውን መጀመሪያ ጤነኛ ይቅመሰው ይላል።

ባለፈው ዓመት ትኩሳት ጣላት። አሥራ ሁለት ቀን ተኝታ ተመለሰች። በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ምስሩን ስታማስል ቀመሰች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ የሎሚ ቁራጭ አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተችና አኘከችው። ፊቷ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ነኝ የኮመጠጠኝ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ውኃ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ሎሚውም፣ ምስሩም፣ ጨውም። ሽታም የለኝ፤ ሽንኩርቱ ቢያርር የማውቀው በዓይኔ ነው።»

«ለሐኪም ንገሪያ! ቤቱን ሞልተውት የለም እንዴ።»

«ለሐኪም ብነግር ለሥራ አስኪያጁ ይነግረዋል።» ጭልፋውን ድስቱ ላይ አጋደመችው። «ከዚህ ምድጃ ካነሡኝ እኔ ምንድን ነኝ? ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት። አሁን ሳስበው ነቅዟል።

መጀመሪያ በማንኪያ ለኪ ብዬ መክሬያት ነበር። «በማንኪያ የሚለካ መድኃኒት ቀማሚ ነው» ብላ ቱግ አለችብኝ። ደግሞም እውነቷን ነው፤ ሠላሳ ዓመት በእጇ የሠራች ሴት ድንገት ማንኪያ ብታነሣ ሚዛን ምን ሆንሽ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ሚዛን የምንላት የምግብ ባለሙያዋን ነው፤ ገና ልጅ ናት፣ እንጀራዋ ሆኖ ካሮቱን ሳይቀር ትመዝናለች። ቀጥሎ እኔ በድብቅ ቀመስኩላት። ችግሩ የእኔ ምላስ ስድብ ላይ እንጂ ጨው ላይ ጎበዝ አይደለም። ልክ ነው ያልኳት ሾርባ የደም ግፊት ክፍል ደርሶ ሁለት ትሪ ሙሉ ተመለሰ። በዚያ ላይ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ እጣቢ የነካ እጅ ወደ ምድጃው አይሻገርም። ሁለት ጊዜ ተሻግሬ ሁለቴም ተሰድቤያለሁ።

ድመቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የመጣውስ ድሮ ነው፤ በኋላ በር ከጋዝ ሲሊንደሮቹ ጎን የሚኖር፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ግራጫ ወንድ ድመት ነበር። አንድ ቀን የዶሮ መረቅ ከጭልፋዋ ደጃፉ ላይ ፈሰሰ። ድመቱ ሮጦ መጣና ሁለቴ ላሰ፤ ራሱን አራገፈ፤ ከዚያ ወደሚንጠባጠበው ቧንቧ ሄዶ ውኃ መጠጣት ጀመረ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ አልበቃውም። እትዬ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ አየችው።

«ጨው በዝቷል» አለች።

ተሻግሬ ቀመስኩት። እውነትም በዝቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ተቆጣጣሪው ሆነ። አምስት ተኩል ሲል ከየድስቱ ጥቂት በትንሽ ሳህን እየቀዳች፣ እያቀዘቀዘች፣ በኋላ በር ታስቀምጥለታለች። ሌሎቹ ለድመት ያላት ርኅራኄ መስሏቸው «አይ እትዬ፣ የጽድቅ ሰው!» ይሏታል። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እንደ ደብዳቤ ታነበዋለች። ልሶ ውኃ ፍለጋ ከሄደ ጨው ነው። አሽትቶ ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛና ካስነጠሰ በርበሬ ወይም ሎሚ ነው። ኩሱን እንደሚቀብር ወለሉን ከጫረ፣ በሉ ድስቱን ድፉት፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። በልቶ፣ ከንፈሩን ልሶ፣ ቁጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ካጠበ ግን እትዬ ቀና ትልና ወደ መዝገቡ ትሄዳለች። «ቀምሻለሁ።»

ትስቁ ይሆናል። እኛም ስቀናል። ግን የእኔን ገንዳ ጠይቁ፤ ሳህኖቹ እየጠሩ ይመለሱ ነበር። ሰነፍ ድመት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሳምንት ይጋለጥ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ቀን አልቀረም።

የስኳር ነገር ብቻ አስቸገራት። አንድ ቀን ስኳር ያለበትን ሩዝ በወተት ሰጥታው አሽትቶ ትቶት ሄደ። «አየሽ፣ ጣፋጭ አይወድም» አለችኝ። ጠግቦስ እንደሆነ? ብዬ አስቤ ነበር፤ አፌን ግን ሳሙና ያዘው። በአንድ ቀን ያየችውን ሕግ አደረገችው፤ ድመቱ ከተወው ስኳር አለበት፣ ከላሰው የለበትም።

በመሐል አንድ ቅዳሜ ጉልበቷን አሟት ቀረችና ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ክፍል ናት፤ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ያያል። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አሁንም ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቀበቶ የሚፈልግ ይመስል ጎኑን ይዳብሳል። እያነከሰች ምሳ አቀረበችልን። አንድ ጉርሻ እንደቀመስኩ ያለ ጨው የተሠራ መሆኑን አወቅሁ። እሷ ውኃ ልታመጣ ስትነሣ ሰውየው ከኮቱ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፤ በእኔም በእሱም ሳህን ላይ ጨው ነሰነሰና መልሶ ከተተው። አንድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገልኝ። እሷ ስትመለስ «እጅሽ ይባረክ» አላት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላው። እሷ ከእሱ ትደብቃለች፣ እሱ ማወቁን ከእሷ ይደብቃል፤ ሁለቱም ደክሟቸዋል።

ከዚያ በኋላ ድመቱ መክሳት ጀመረ። ሲሊንደሩ ሥር ተኝቶ ይውላል፣ ሲጠሩት ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው፣ ድዱ ነጭ ሆኗል። «አርጅቷል» አልን። እኔም እትዬም ስለራሳችን የምንለው ያንኑ ስለሆነ ለድመቱም ያው መሰለን። አምስት ተኩል ሲል ግን እየተጎተተም ቢሆን ይመጣል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ፤ ብዘገይም መምጣቱ አይቀርም።

የዚያን ቀን ሩዝ በወተት ነበር። ሁለት እኩል ድስት ጎን ለጎን ተጥደዋል፤ ባንዱ ስኳር አለ፣ ባንዱ የለም። የሌለበት ድስት ክዳኑ ቀይ ነው። እትዬ ወደ መጋዘን በሄደችበት ወተቱ ገነፈለ። ቢጫ መስመሩን ዘልዬ ተሻገርኩ፣ እሳቱን ዝቅ አደረግሁ፣ ሁለቱንም ድስቶች አንሥቼ ምድጃውን ጠረግሁ፣ ክዳኖቹንም በጨርቅ ወለወልኩ፣ መልሼ ጣድኩና ከደንኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ማፍሰሴን እንኳ አላወቅሁም። ቀዩን ክዳን ስኳር ባለበት ድስት ላይ ነው የደፋሁት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን ነበር? እትዬ አንድ ጊዜ ትቀምሳለች፣ «ማናት ክዳኔን የነካችው?» ብላ ትጮህብኛለች፣ ያበቃል። ያን ቀን ግን ሁለት ትንሽ ሳህን ቀዳችና ወደ ኋላ በር ሄደች። ድመቱ ከባለ ቀይ ክዳኑ የተቀዳውን ጥርግ አድርጎ ላሰ። ሁለተኛውን አሸተተ፣ ዞረ፣ ተኛ። የእሷ ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ የተላሰው ስኳር የሌለበት፣ የተተወው ያለበት። ክዳኑም ድመቱም ተስማሙ። ፈረመች።

ሰባት ሰዓት ላይ ጋሪዎቹ ተመለሱ። ከስኳር ሕመምተኞች ክፍል የሚመጣ የሩዝ ሳህን ሁልጊዜ ከነግማሹ ነው የሚመለሰው፤ ያን ቀን አሥራ አራቱም ተልሰው ጠርተው መጡ። ጋሪ ገፊዋ እየሳቀች «ሰባተኛ አልጋ ያሉት ሽማግሌ፣ የአብሳይዋ እጅ ይባረክ፣ ዛሬ ገና ሰው አደረገችኝ ብለዋል» አለችን። እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ፈገግ አለች። ዓመት ሙሉ ከሕመምተኞቹ ማንም አመስግኗት አያውቅማ።

እኔ ግን ሳህኖቹን አየሁ። ሳህን አይዋሽም። ሄጄ ገና ያልታጠበውን የባለ ቀይ ክዳን ድስት በጣቴ ጠርጌ ላስኩት። ከዚያ ጎኗ ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ፣ ቀዩ ጣፍጧል።»

«ምን?»

«ስኳሩን የበሉት እነሱ ናቸው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምላሴ ጨው ባያውቅ ስኳር ያውቃል።»

ቀለሟ ተለወጠ። ቀጥሎ ያልኩትን ልደብቀው እችል ነበር፤ ግን ደክሞኛል፣ መደበቅም ሥራ ነው። «ዝም ብንልስ?» አልኳት። «አንድ ቀን ነው። ማን ያውቃል?»

«አሥራ አራት ሰው ነው» አለች። ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ክሩን ሳታስር ወጣች። ሊፍቱን አልጠበቀችም። ያንን የታመመ ጉልበቷን ይዛ ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ እያለከለክሁ። ነርሶቹ ጋ ስትደርስ ትንፋሿ አጥሮ መጀመሪያ የተናገረችው «ስኳር አብልቻቸዋለሁ፣ ለኩዋቸው» የሚለውን ነበር። ይህን ባለች ሰዓት ምድጃዋን በእጇ እንደለቀቀች ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

ለኩ። ብዙዎቹ ጥቂት ጨምሯቸዋል። ሰባተኛ አልጋ ያሉት ሽማግሌ ግን ድጋሚ ጠይቀው በልተው ስለነበር በጣም ከፍ ብሎባቸው መርፌ ወጓቸው፣ ነርስ እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጠች። በማግስቱ ደህና ሆኑ። የተቆጡትም ሩዙ እንደማይደገም ሲነገራቸው ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ረቡዕ ጠራን። እሱ፣ ሚዛን፣ እትዬ፣ እኔ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ቀምሻለሁ ብለው ፈርመዋል» አላት።

«አዎ።»

«ቀምሰዋል?»

«አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ማን ቀመሰ?»

«ድመቱ።»

ያሾፈችበት መሰለው፤ ፊቱ ቀላ። እትዬ ግን እጇን ሽርጧ ላይ አጣጥፋ ከትኩሳቱ ጀምሮ ሁሉንም ነገረችው፤ ውኃውን፣ ጭረቱን፣ ማስነጠሱን፣ የስኳሩን ሕግ። ስትጨርስ ሚዛን ናት የጀመረችው።

«እትዬ፣ ድመት እኮ ጣፋጭ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «አይጠላውም፣ አይወደውም። ሲፈጠርም ምላሱ ላይ የለም። የሚልሰው ለወተቱ ቅባት ነው።»

«እንደ እኔ ነዋ!» አለች እትዬ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው።

«ሾርባውንስ?» አለች ሚዛን። «ሽንኩርት ያለበትንም ትሰጪው ነበር?»

«በየቀኑ።»

«ሽንኩርት የድመትን ደም ይበላዋል። ጥቂት ጥቂት ቢሆንም ይጠራቀማል። ነጭ ሽንኩርቱማ የባሰ ነው።»

እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብላ የቆመችው ሴት ያኔ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ድዱ ነጭ ሆኖ ነበር» አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ። «እኔ አርጅቷል ብዬ። አምስት ተኩል በሆነ ቁጥር እየተጎተተ የሚመጣው ሊገደል ነበር?» ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሁን። ክዳኖቹን ግን ማን ቀያየራቸው?»

እንግዲህ ይህ የእኔ ተራ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የቤት ኪራዩ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ቢጫው መስመር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ተደረደሩ። አፌን መልሼ ከደንኩት።

«ምድጃው የእኔ ነው» አለች እትዬ። «ምድጃው ላይ ያለ ሁሉ የእኔ ነው።» ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

አፈርኩ። ዛሬም አፍራለሁ። ከቢሮው ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ነው ምላሴ የተፈታው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። ወተቱ ሲገነፍል...»

«አውቃለሁ» አለች። «ከእኔ ሌላ ያንን ምድጃ የሚወለውል ከአንቺ በቀር ማን አለ?»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ክዳንማ ድሮም ይቀያየራል። ምላስ ካለ ይያዛል። የጠፋው ምላሴ እንጂ ክዳኑ አይደለም።» ግድግዳውን ተደግፋ ጉልበቷን አሸች። «ደግሞ አንቺ ገና መሥራት አለብሽ። ሁለታችንን ማባረር ለማን ይበጃል?»

ጡረታዋ ሊደርስ ሰባት ወር ነበር የቀረው። አላባረሯትም፤ እስከዚያ መጋዘን ቁጭ ብላ ምስር ትልቀም ተባለ። ሦስት ቀን ለቀመችና በአራተኛው ይበቃኛል አለች። እውነቷን ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ፊት የቆመ ሰው በመጋዘን ይበርደዋል። አዲሱ አብሳይ ወጣት ነው፣ ሁሉን በማንኪያ ይለካል፣ ምግቡም እንከን አይወጣለትም። ሳህኖቹ ግን እንደ ድሮው አይጠሩም። ይህን የምለው ስለምጠላው አይደለም፤ ገንዳው የሚለውን ነው የምናገረው።

ሰኞ ዕለት ቢላዋዋን ልትወስድ መጣች። ባሏ አብሯት ነበር፤ አየር እንዲገባበት ጎኑን የበሳሳውን ካርቶን ይዟል። ድመቱን ከሲሊንደሩ ሥር አውጥታ ራሷ ከተተችው። አልታገላትም፤ ጉልበትም አልነበረው። ሚዛን የእንስሳት ሐኪም አድራሻ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ለድመቱ የተቀቀለ ሥጋ ብቻ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት አለቻቸው። «ይድናል?» አለቻት እትዬ። «ከተረፈ ይድናል» አለች ሚዛን፤ ልጅ ናት፣ መዋሸት ገና አልለመደችም።

ሌሎቹ ሁሉ ስመዋት ወደየሥራቸው ተመለሱ። ምሳ ሊወጣ ነበርና ማንም ቆሞ ሊሸኛት አልቻለም። እኔ ከገንዳው እጄን አውጥቼ በሽርጤ እየጠረግሁ እስከ በሩ ሄድኩ። ባሏ ካርቶኑን ይዞ ወጣ ብሎ ጠበቃት።

«እንዲያው ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያን ቀን ድስቱን በጣትሽ ጠርገሽ ቀምሰሻል አይደል?»

«ቀምሻለሁ።»

«እንዴት ነበር?»

እንደ ነገሩ ነበር ብል ይሻላት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያጣችው ነገር ትንሽ ነው ብላ እንድትሄድ። ግን አንድ ጊዜ ዝም ብያታለሁ፤ ሁለተኛ ልዋሻት አቅም አልነበረኝም።

«እትዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድስትሽን ጠርጌያለሁ። እንደዚያ ያለ ሩዝ ቀምሼ አላውቅም።»

«ስኳሩ አልበዛም?»

«አልበዛም።»

«አላነሰም?»

«አላነሰም። ልክ ነበር።»

ቀኝ እጇን ዘርግታ መዳፏን አየችው፤ ከዚያ ጨበጠችው፣ እፍኝ ስኳር እንደያዘች አድርጋ። «እኔ ደግሞ ልክ መሆኑን ሳላውቅ ነው የሰጠኋቸው» አለችና እዚያው በሩ ላይ፣ ጋሪዎቹ በአጠገቧ እያለፉ፣ አለቀሰች።